የጓደኛ ሙት ዓመት በብስክሌት፤ ከቃሊቲ እስከ ሐዋሳ

ጓደኛ ሲሞት እስከ ሰማንያው ድረስ ምን እንደሚደረግ ሁላችንም እናውቃለን። እድሩ ድንኳኑን ይተክላል፣ ሰልስት ይወጣል፣ አርባው ይደርሳል፣ ሰው ይመጣል ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ነው ጭር የሚለው። ጓደኞች በተገናኙ ቁጥር «እንደው አንድ ነገር ብናደርግለት» ይላሉ፤ ቀን ሳይቆረጥ ሙት ዓመቱ ይደርሳል። ያንን «አንድ ነገር» በብስክሌት ለማድረግ ላሰቡ ሰዎች ነው ይህን የምጽፈው። በሟች ስም ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ድረስ ይነዳል፤ በጉዞው ስም የሚሰበሰበው ገንዘብም ያንን ጓደኛ የነጠቀንን ሕመም ለሚታገሉ ይደርሳል።

ከታች የምጽፈው ዝርዝር ሁሉ ከአንድ ሐሳብ ስለሚነሣ እሱን አስቀድሜ ልናገር። በእንዲህ ያለ ጉዞ ፍጥነቱን የሚወስነው ከሁሉም ቀርፋፋው ሰው መሆን አለበት። ለሟች በጣም የቀረበው ሰው፣ እህት ትሁን አብሮ አደግ፣ ብዙ ጊዜ ከልጅነቱ ወዲህ ብስክሌት ነክቶ የማያውቅ ነው። ጉልበት ያላቸው ገስግሰው እሱ መኪና ላይ ተጭኖ ከደረሰ፣ የፈለገውን ያህል ብር ቢሰበሰብ ጉዞው የተነሣበትን ስቷል። የመንገዱ ርዝመት፣ የቀኑ ብዛት፣ የብስክሌቱ ዓይነት፣ የሰልፉ አደራደር፣ ሁሉም ለዚያ ሰው ተብሎ ነው የሚሰላው።

በቀኑ እንጀምር። ሰማንያው ላይ መንዳት ጥሩ ሐሳብ ይመስላል፤ ግን አይሆንም። ከምንም የሚጀምር ሰው አራት ቀን ተከታትሎ ለመንዳት ቢያንስ 14 ሳምንት ልምምድ ይፈልጋል። ሰማንያው ሲደርስ ደግሞ ቤተሰቡም ጓደኛውም ገና ከለቅሶው ጉልበቱ አልተመለሰም። ሙት ዓመቱ ነው የሚሻለው፤ ከሰማንያው እስከ ሙት ዓመቱ ወደ 40 ሳምንት ስላለ ዝግጅቱን ሳይጣደፉ ማድረግ ይቻላል። በሙት ዓመቱ ዕለት ግን አትንዱ። ያ ቀን የቤተሰቡ ነው። ቅዳሴ ይሁን ተዝካር፣ ዱዓና ሰደቃ ይሁን የጸሎት ፕሮግራም፣ ጓደኛ በዚያ ቀን ቦታው ከቤተሰቡ ጎን ነው። ጉዞው ከሳምንት በፊት ተጠናቆ፣ ስለ ገንዘቡ የሚነገረው በሙት ዓመቱ ዕለት ቢነገር ይመረጣል።

ሙት ዓመቱ ክረምት ላይ ከዋለ ጉዞውን ወደ በጋ ማዞር ግድ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም አስፋልቱ ይረጥባል፣ የመንገዱ ጠርዝ በጭቃ ይሸፈናል፣ የከባድ መኪና ጎማ የሚረጨው ውሃ ደግሞ ለሰከንዶች ዓይን ያጠፋል። ጾሙንም መቁጠር አለባችሁ። ብስክሌት ላይ አምስት ሰዓት የሚውል ሰው በልቶ መነሣት፣ በመንገድም መብላት አለበት፤ ከሚነዱት መካከል ጿሚ ካለ ደግሞ ከጾሙና ከጤናው አንዱን እንዲመርጥ ማድረግ ተገቢ አይደለም። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ስለሚገባ ከጥቅምት መጀመሪያ እስከ ኅዳር 14 ያለው ጊዜ ምቹ ነው፤ ከጥምቀት በኋላ እስከ ነነዌ ድረስም ሌላ ክፍተት አለ። ረመዳን በየዓመቱ ስለሚዞር ለዓመቱ ለይቶ ማየት ያሻል። ቅዳሜ ተነሥታችሁ ማክሰኞ ከደረሳችሁ ረቡዕና ዓርብ አይነኩም። በቢሾፍቱ ኢሬቻ በሚከበርበት የሳምንት መጨረሻም ከአዲስ አበባ አትውጡ፤ መንገዱ ለሚያከብረው ሕዝብ ነው።

ቀጥሎ ፈቃድ። የመጀመሪያው ከመንግሥት ሳይሆን ከእናቱ ነው። በሟች ስም ገንዘብ ሊሰበሰብ ነው፣ ፎቶው ልብስ ላይ ሊታተም ነው፣ የሞተበት ሕመም በአደባባይ ሊነገር ነው። ሕመሙ እንዲታወቅ የማይፈልግ ቤተሰብ አለ፤ ይህ መከበር አለበት። አንድ ታላቅ ሰው ይዛችሁ ሂዱና የትኛው ፎቶ፣ የትኛው ስም፣ የትኛው ድርጅት ብላችሁ ጠይቁ። ቤተሰቡ «ስሙን ተዉት፣ ለሕሙማኑ ብቻ ንዱ» ካለም ጉዞው ያው ጉዞ ነው።

የገንዘቡ አያያዝ ስም ያስጠራል፣ ስምም ያጠፋል። በአገራችን ሕግ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ከሕዝብ ገንዘብ ለሚያሰባስቡ ሰዎች የበጎ አድራጎት ኮሚቴ የሚባል ቅርጽ አለው፤ ኮሚቴው ግን ከሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ፈቃድ ማግኘት አለበት። ለአንድ ጊዜ ጉዞ ቀላሉ መንገድ የተመዘገበ ድርጅት መርጦ ገንዘቡ በቀጥታ በድርጅቱ ሒሳብ እንዲገባ ማድረግ ነው። የድርጅቱ ምርጫ ከሟች ሕይወት ጋር ቢገናኝ ደስ ይላል። ማቴዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን ያቋቋሙት ትንሽ ልጃቸውን በደም ካንሰር ያጡ ወላጆች ናቸው፤ ድርጅቱ የሚጠራበት ስም የልጁ ስም ነው። ልብ ለሚያማቸው ሕፃናት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የሚገኘው የልብ ሕሙማን ሕፃናት ማዕከል አለ። ሄዳችሁ ከሒሳብ ክፍሉ ጋር ተነጋገሩ፤ ለጉዞው የተለየ መለያ ቃል ይሰጣችሁ፤ የሚለግሰውም ሰው በባንክም በቴሌብርም ሲያስገባ በማብራሪያው ላይ ያንን ቃል ይጻፍ። ያ ካልሆነ መጨረሻ ላይ የእናንተ ጉዞ ስንት እንዳመጣ የሚያውቅ አይኖርም።

በግል ሒሳብ ገንዘብ አትቀበሉ፤ ለአንድ ቀንም ቢሆን። የነጂዎቹ ወጪም ከልገሳው ጋር አይነካካ። ነዳጁን፣ አልጋውን፣ ምግቡን፣ መለዋወጫውን ነጂዎቹ ከኪሳቸው ያዋጡ፣ ወይም ይህን ለይቶ የሚሸፍን ሰው ይፈለግ። «ከሰጠሁት ላይ ስንቱ ለጉዞው ሄደ?» የሚል ጥያቄ ሲመጣ መልሱ «አንድም ብር» መሆን አለበት። ውጭ አገር ያሉ ጓደኞች ጎፈንድሚ የሚባለውን የኢንተርኔት ገንዘብ ማሰባሰቢያ ገጽ ሊከፍቱ ይችላሉ፤ ጎፈንድሚ ግን ኢትዮጵያ ውስጥ ወዳለ ባንክ ገንዘብ አያስተላልፍም፤ ገንዘቡ እዚያው አገር ባለ ሰው ስም ወጥቶ ነው የሚላከው። ስለዚህ ማን እንደሚያወጣው፣ በምን እንደሚልከው፣ የላከበትን ደረሰኝ ለማን እንደሚያሳይ ገጹ ከመከፈቱ በፊት ተጽፎ ይቀመጥ። ለጋሹን በኪሎ ሜትር ቃል ማስገባት ጥሩ ነው። ለኪሎ ሜትር 10 ብር ያለ ሰው ለ275 ኪሎ ሜትር 2,750 ብር ይሰጣል፤ 1 ብር ያለ ተማሪም 275 ብር ሰጥቶ የጉዞው ባለቤት ይሆናል።

ወደ መንገዱ እንምጣ። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የፍጥነት መንገዱ ለብስክሌት አይፈቀድም፤ ስለዚህ ጉዞው በድሮው መንገድ ነው፤ ቃሊቲ፣ ዱከም፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ ከዚያ ወደ ደቡብ ታጥፎ ቆቃ፣ አለም ጤና፣ መቂ፣ ባቱ፣ ቡልቡላ፣ አርሲ ነጌሌ፣ ሻሸመኔ፣ ሐዋሳ። ብርቱ ነጂ በሁለት ቀን ይጨርሰዋል፤ በሦስት ቀንም በደንብ ይቻላል። እኔ የምለው አራት ቀን ነው። የመጀመሪያው ቀን እስከ ሞጆ ወደ 73 ኪሎ ሜትር፣ ሁለተኛው እስከ ባቱ ወደ 90፣ ሦስተኛው እስከ አርሲ ነጌሌ ወደ 63፣ የመጨረሻው እስከ ሐዋሳ ወደ 50። ሦስት ቀን ላይ ስትጨምቁት ሰው ከሰዓት በኋላ ድረስ ይነዳል፣ ማታ በልቶ ይወድቃል፣ ስለ ሟች አንድ ቃል ሳይነጋገር ይደርሳል። አራት ቀን ከሆነ ከሰዓቱና ማታው ባዶ ይሆናል። ሰው ቡና እየጠጣ፣ ጎማ እየጠረገ ያኔ ነው ስለ ሟች ማውራት የሚጀምረው።

አራቱ ቀናት በክብደት አይመሳሰሉም። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ሞጆ ወደ 1,800 ናት፤ የመጀመሪያው ቀን በአብዛኛው ቁልቁለትና ሜዳ ነው። ይህ ጀማሪን ያሳስታል፤ ጠዋት በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር እየበረረ በሁለተኛው ቀን የሚያስፈልገውን እግር ይጨርሳል። ከፊት ሆኖ ሰልፉን የሚመራው ሰው በሰዓት ከ18 ኪሎ ሜትር እንዳያልፍ ንገሩት። በዚህ ፍጥነት 73 ኪሎ ሜትር አራት ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ይወስዳል፤ አንድ ሰዓት ዕረፍት ጨምሩበት፤ ጠዋት 12:30 የተነሣ ሰው ከ6 ሰዓት በፊት ሞጆ ነው። ሁለተኛው ቀን ለዓይን ሜዳ ነው፣ ለእግር ግን ከባድ ነው፤ ከቆቃ ወዲያ ጥላ የለም፣ ረፋዱ ላይ የሚነሣውም ነፋስ ሜዳውን ዳገት ያደርገዋል። ከ12 ሰዓት በኋላ በተነሣችሁ በእያንዳንዱ ግማሽ ሰዓት ነፋሱንና ፀሐዩን ራሳችሁ ላይ ትጨምራላችሁ። ሦስተኛው ቀን ከላንጋኖ መገንጠያ በኋላ አርሲ ነጌሌ እስኪደርስ ወደ 400 ሜትር መውጣት አለ። አራተኛው ቀን አብዛኛው ቁልቁለት ነው።

የጸጥታው ሁኔታ ከሁሉ ይቀድማል። ከመነሣታችሁ ከሳምንት በፊት፣ ደግሞም ከመነሣታችሁ በፊት ባለው ቀን፣ የምታልፉባቸውን ከተሞች ፖሊስ አነጋግሩ፤ ከድርጅቱ የተጻፈ ደብዳቤ በእጃችሁ ይኑር። «አይሆንም» ከተባለ ኪሎ ሜትሩን ባላችሁበት ከተማ በዙር ሙሉት። 275 ኪሎ ሜትር የትም ቢነዳ 275 ነው፤ ለጋሹም ይረዳል።

ስለ ብስክሌቱ ልናገር። አብዛኛው ሰው ያለው ወይም የሚዋሰው አሮጌ ማውንቴን ነው፤ እሱ ይበቃል። ኮርሳ፣ የውድድሩ ብስክሌት፣ ፈጣን ነው፣ ነገር ግን ቀጭኑ ጎማው ለመንገዱ ጠርዝ አይመችም፣ ማርሹም ለጀማሪ ዳገት ላይ ይከብዳል። በማውንቴኑ ላይ ሁለት ነገር ቀይሩ። ጥርሳም የሆነውን ጎማ አውጥታችሁ 1.5 ኢንች ስፋት ያለው ለስላሳ ጎማ አስገቡ፤ ጎማው አስፋልት ላይ የሚያሰማው ያ የንብ ድምፅ የእናንተ ጉልበት ሲባክን ነው። ሁለተኛው የኮርቻው ከፍታ ነው። ተረከዛችሁን ፔዳሉ ላይ አድርጋችሁ ፔዳሉን ወደ ታች ስታወርዱት እግራችሁ ቀጥ ማለት አለበት፤ ከዚያ በፊተኛው የእግር መዳፍ ስትረግጡ ጉልበት በትንሹ ይታጠፋል፣ ልኩም ያ ነው። ጉልበት ከፊት ከታመመ ኮርቻው ዝቅ ብሏል፣ ከኋላ ከታመመ ከፍ ብሏል። ብዙ ሰው እግሩ መሬት እንዲነካለት ኮርቻውን ያወርዳል፤ በሁለተኛው ቀን ጉልበቱን ይዞ የሚቀመጠውም እሱ ነው።

ሰንሰለቱን በማስመሪያ ለኩት። ከአንዱ ካስማ መሃል ተነሥታችሁ 24 ክፍተት ቁጠሩ። አዲስ ሰንሰለት በዚህ ርቀት 30.5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ካለፈ ቀይሩት። ሦስት ሚሊ ሜትር ካለፈ ግን የኋላው የማርሽ ጥርስም አብሮ አልቋል፤ አዲስ ሰንሰለት ብቻ ብታስገቡ ዳገት ላይ ጠንከር አድርጋችሁ ስትረግጡ ይዘላል፤ ሰው የብስክሌቱ መሪ ላይ በደረቱ የሚወድቀውም እንዲህ ሲዘል ነው። ይህን ልኬት ከጉዞው አንድ ወር በፊት አድርጉት እንጂ በዋዜማው አይሁን፤ አዲስ ዕቃ ተነድቶ መፈተሽ አለበት። የፍሬን ጎማውን፣ የፍሬንና የማርሽ ሽቦውን፣ የኩሽኔታውን ውዝዋዜ በዚያው ቀን እዩ። ጎማውን በሁለት እጅ ይዛችሁ ወደ ግራና ቀኝ ስትገፉት ከተንቀጫቀጨ ኩሽኔታው ግሪስ ወይም ማጥበቅ ይፈልጋል።

ለአሥር ነጂ በአጃቢው መኪና ውስጥ የሚያዘው ይህ ነው፤ 20 ካላማዳሪ (ጎማው ውስጥ የሚነፋው ቱቦ)፣ ሦስት ጎማ፣ ሁለት ፓምፕ፣ ሁለት ሰንሰለትና የሰንሰለት መፍቻ፣ አራት ጥንድ የፍሬን ጎማ፣ የፍሬንና የማርሽ ሽቦ፣ ካቻቢቴ፣ የ4፣ የ5 እና የ6 ሚሊ ሜትር አለን ቁልፍ፣ ናስትሮ፣ ማስቲሽ፣ ብርጭቆ ወረቀት። ሁሉም ብስክሌት የመኪና ዓይነት ቫልቭ ያለው ካላማዳሪ ቢይዝ ይመረጣል፤ በየከተማው ያለ ጎሚስታ ሊነፋላችሁ ይችላል። ቀጭኑን ቫልቭ ያለ መለወጫ አይነፋውም።

ጎማ ሲተነፍስ የሚደረገውን ሁሉም ነጂ፣ ያችም እህት፣ ቤት ውስጥ ሦስት ጊዜ ሠርታ ትምጣ። ብዙ ሰው አዲስ ካላማዳሪ አስገብቶ ይነፋል፤ 500 ሜትር ሳይሄድ ደግሞ ይተነፍሳል፤ ምክንያቱም የወጋው ነገር እዚያው ጎማው ውስጥ ነው። ካላማዳሪውን ከማውጣታችሁ በፊት ቫልቩ ያለበትን ቦታ ጎማው ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ። ያወጣችሁትን ነፍታችሁ ከንፈራችሁ አጠገብ አዙሩት፤ የሚወጣው ትንፋሽ ቀዳዳውን ይነግራችኋል። ቀዳዳው ከቫልቩ ያለውን ርቀት ጎማው ላይ ስትለኩ፣ ከምልክቱ በግራ ወይም በቀኝ ያለው እዚያ ነጥብ ላይ እሾሁ ይገኛል። ባዶ ጣት አታስገቡ፤ ስስ ጨርቅ ጎማው ውስጥ ጎትቱ፣ ጨርቁ የሚይዝበት ቦታ እሱ ነው። እስከ መቂ ድረስ ብዙ ጊዜ የምታገኙት ከፈነዳ የከባድ መኪና ጎማ የወጣ ፀጉር የሚያህል ሽቦ ነው፤ በወረንጦ ካልሆነ አይወጣም። ከባቱ ወዲያ ደግሞ የግራር እሾህ ነው። በተለይ ለሽንት ወይም ለዕረፍት ከአስፋልቱ ስትወጡ ብስክሌቱን ተሸክማችሁ ውጡ።

ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ካገኛችሁ እሾህ አይደለም፤ ነፋሱ አንሶ ጉድጓድ ላይ ሲያርፍ ቸርኬው ካላማዳሪውን ቆንጥጦታል። ለ1.5 ኢንች ጎማ በፓምፑ የግፊት መለኪያ ከ55 እስከ 65 ፒኤስአይ ነፍታችሁ ተነሡ። ቀዳዳው በውስጠኛው፣ በቸርኬው በኩል ከሆነ የቸርኬው የራሱ ሽቦ ጫፍ ነው የወጋው፤ ቸርኬውን ዙሪያውን በናስትሮ ደርቡት። ስትለጥፉ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጉ፣ ማስቲሹን ስስ አድርጋችሁ ቀቡና አምስት ደቂቃ ጠብቁ፤ ጣት ስትነኩት የማይጣበቅ ሲሆን ያኔ ለጥፉ። ሳይደርቅ የተለጠፈ በቀትር የአስፋልት ሙቀት ይላቀቃል።

ልምምዱ በሳምንት ሦስት ቀን ነው። ሁለቱ አጫጭር፣ አንድ ሰዓት የማይሞሉ፤ ሦስተኛው እሑድ ጠዋት ረጅሙ። ረጅሙ በ20 ኪሎ ሜትር ይጀምርና በየሳምንቱ ከ5 እስከ 10 ይጨምራል፤ በየአራተኛው ሳምንት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ጉልበትና ጅማት የሚጠገነው በዚያ ሳምንት ነው። 80 ከደረሰ ይበቃል። ከ80 ኪሎ ሜትር አንድ ጊዜ ይልቅ ቅዳሜ 50፣ እሑድ 50 ተከታትሎ መንዳት ለዚህ ጉዞ የበለጠ ያዘጋጃል፤ ሰውን የሚያሸንፈው ርቀቱ ሳይሆን በነጋታው ኮርቻ ላይ መልሶ መቀመጡ ነው። የመጨረሻው ሳምንት ቀለል ይበል። አዲስ አበባ ውስጥ በኮሪደር ልማቱ የተሠሩት የብስክሌት መስመሮች ለጀማሪው ጥሩ ናቸው፤ በሰልፍ መንዳት ግን ከከተማ ወጣ ብሎ እሑድ ማለዳ ነው የሚለመደው። ከፍታ ላይ ለተለማመደ ሰው ስምጥ ሸለቆ መውረድ ለሳንባው ይቀለዋል፤ ሙቀቱ ግን አዲስ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ውሃ የሚያንሰው ከዚያ ነው።

ምግቡ ላይ ከቤታችን ያለው ይበቃናል። በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ያስፈልጋል፤ አንድ መካከለኛ ሙዝ ወደ 25 ግራም ይሰጣል። በሶ በማር ተበጥብጦ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ተምር፣ እነዚህ ፀሐይ ላይ አይበላሹም። ጠዋት ከመነሣት አንድ ሰዓት ተኩል በፊት እንጀራ በሽሮ ወይም ገንፎ፤ ቅቤና ጥሬ ሥጋ ለማታም ቢሆን እስከ ሐዋሳ ይቆዩ። ውሃ በሰዓት ከግማሽ እስከ ሦስት ሩብ ሊትር፤ ጠርሙሱ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ሳይጠማ በመነሣት ነው፤ ስለዚህ መሪው በየ15 ደቂቃው «ውሃ!» ብሎ ይጥራ። በሙቀቱ ለሚያልበው በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በደንብ ይሟሟ፤ ሎሚ ጨምሩበት። ጨዉ ከዚህ እንዳይበልጥ። ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ብርድ ብርድ ማለት በቀትር ከታየ ሰውየው ወዲያው ወደ ጥላ፤ አንገቱና ብብቱ በውሃ ይቀዝቅዝ፤ በዚያ ቀን ዳግም አይነዳም። ከክረምቱ በኋላ ያለው ወቅት በመቂና በባቱ የወባ ጊዜ ነው፤ አጎበር የሌለው አልጋ አትያዙ።

ልብስ ላይ ሐዘኑና መንገዱ ይጋጫሉ። ሰው ጥቁር መልበስ ይፈልጋል፤ ጥቁር የለበሰ ብስክሌተኛ ግን ማለዳ ላይ ለአይሱዙ ሹፌር አይታይም። ቢጫ ወይም ብርቱካንማ አንጸባራቂ ሰደርያ ከላይ ይደረብ፤ ጥቁሩ ጨርቅ ክንድ ላይ ወይም የብስክሌቱ መሪ ላይ ይታሰር። የሟች ፎቶ የታተመበት ቲሸርትም እንደዚሁ ነው። ጥጥ ነው፣ ላብ ይይዛል፤ ደረት ላይ ያለው ኅትመት አየር ስለማያሳልፍ ገላ ያቃጥላል፤ በሁለተኛው ቀንም ፎቶው በላብና በአቧራ ይጎሳቆላል። ያንን ፊት እንዲህ ሆኖ ማየት ለእናቱም ለእናንተም ከባድ ነው። ቲሸርቱን በፌስታል ጠቅልላችሁ መኪናው ውስጥ አኑሩት፤ ሲነሡና ሲደርሱ ይለበስ። ሄልሜት ያለ ድርድር ነው።

ሰልፉ በነጠላ ነው። ሁለት ሁለት ሆኖ ማውራት ያምራል፣ ይህ መንገድ ግን አይፈቅድም፤ ወሬው ለዕረፍት ይቆይ። በአንድ ሰልፍ ከስምንት ሰው አይብለጥ፤ ከበዛ ሁለት ቦታ ክፈሉትና መኪና የሚገባበት ርቀት በመካከል ተዉ። ቀርፋፋውን ሰው ከመሪው ኋላ፣ ሁለተኛ ቦታ ላይ አድርጉት። ከሰው ኋላ የሚነዳ ነፋሱ ስለሚከለልለት ከጉልበቱ ሩብ ያህል ይተርፍለታል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ መሪው ትንፋሹን ይሰማል። ልምድ የሌለው ሰው ብዙ ጊዜ የሚመደበው መጨረሻ ላይ ነው፤ እዚያ ሰልፉ ሲለጠጥ ለመድረስ ሲሮጥ ይውላል፣ ማንም ሳያየው ይደክማል። መጨረሻ ላይ የሚሆነው ከሁሉም ብርቱው ነው። መሪው በየ10 ደቂቃው ይቀየር፤ ጉድጓድ፣ ጋሪ፣ ከብት ሲያይ ጮኾ ይናገር፣ በእጁም ያመልክት። ከተማ ሲገባ ባጃጅ ሳያስጠነቅቅ ይታጠፋል፤ ሁለት ጣት ሁልጊዜ ፍሬኑ ላይ። ልጆች ሲሮጡ መጀመሪያ እናንተ ሰላም በሏቸው፣ ፍጥነት ቀንሱ።

አጃቢው ፒክአፕ ከመጨረሻው ነጂ ኋላ 40 ሜትር ያህል ርቆ፣ አራቱንም መብራት አብርቶ ይከተላል። ሹፌሩ ብስክሌት የማይነዳ፣ የማይሰለች፣ ከተቻለ የሟች ዘመድ ይሁን። የመጀመሪያ እርዳታ የሚያውቅ አንድ ሰው አብሮት ይቀመጥ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 በሁሉም ስልክ ላይ ይመዝገብ። ጭንቅላቱን የተመታ ሰው «ደህና ነኝ» ቢልም ብስክሌቱ ፖርቶ መጋላ ላይ ይወጣል፣ እሱ ወደ ሐኪም ይሄዳል።

በየዕረፍቱ፣ ከ20 ኪሎ ሜትር ባልበለጠ ርቀት፣ አንድ ሰው ስለ ሟች አንድ ነገር ይናገር። ማን የት እንደሚናገር አስቀድማችሁ ከተከፋፈላችሁ ዝም ባዩም ድርሻ ይኖረዋል። ቢሾፍቱ ላይ የትምህርት ቤት ጓደኛው፣ መቂ ላይ የሥራ ባልደረባው። እህቱን ለሦስተኛው ቀን አስቀሯት፤ ከላንጋኖ መገንጠያ፣ ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት።

በዚያ ዳገት ላይ ማርሹን ዳገቱ ሳይከብድ በፊት ቀይሩ፤ ጫና ላይ እያለ የተቀየረ ሰንሰለት ይወድቃል ወይም ይበጠሳል። እግር በደቂቃ 70 ዙር ያህል ቀለል ብሎ ይዙር፣ ትከሻ ይላላ። ተነሥቶ መርገጥ ለ20 ሰከንድ ያስደስታል፣ ለሚቀጥለው 10 ደቂቃ ያስከፍላል። ወርዶ መግፋት ነውር አይደለም፤ አንዱ ሲወርድ ሌላውም አብሮት ወርዶ ይግፋ።

ከአርሲ ነጌሌ ሐዋሳ ያለው ጠዋት ቀላል ነው፤ ሻሸመኔን ብቻ ቀስ ብላችሁ፣ ካስፈለገም ብስክሌቱን እየገፋችሁ እለፉ። ሐዋሳ ከመግባታችሁ በፊት ቆማችሁ ቲሸርቱን ልበሱ። የመጨረሻዎቹን ኪሎ ሜትሮች ፍቅር ሐይቅ እስከሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ድረስ ለሟች በጣም ቅርብ የሆነው ሰው ከፊት ይምራ፤ የቀረው ከኋላው ይከተል። ብስክሌተኛ የለመደች ከተማ ናት፣ መንገዱም ሜዳ ነው።

ለመመለሻ ብስክሌቶቹን በአይሱዙ ስትጭኑ የፊት ጎማውን ፍቱ፣ ፔዳሉን ወደ ውስጥ አዙሩ፣ በየመካከሉ ብርድ ልብስ አድርጉ፤ የማርሽ መቀየሪያው ያለበት ጎን በምንም ዕቃ ላይ አይደገፍ። የተሰበሰበውን ድምር፣ የድርጅቱን ደረሰኝና የወጪውን ዝርዝር በሁለት ገጽ ጻፉና በ15 ቀን ውስጥ ለለጋሾቹ ላኩ። ከመላካችሁ በፊት ግን አንዱን ቅጂ በእጃችሁ ይዛችሁ ወደ እናቱ ቤት ሂዱ፤ ቡናው እስኪፈላ ቁጭ ብላችሁ አንብቡላት።